ሲሸነፉ ብቻ የሚታይ

የእህቴ ልጅ «ዳታ አጥፋልኝ» ሲለኝ በደንብ የሰማሁት አልመሰለኝም። ልጅ ዳታ አብራልኝ ብሎ ያለቅሳል እንጂ አጥፋልኝ ብሎ ይለምናል? እሁድ ከሰዓት ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ እህቴ ቤት። ውጭ ያ የምታውቁት ነፋስ በሩን ይደበድባል። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ቆሎ እቆረጥማለሁ። እሱ ስልኬን ይዞ ፊቴ ተገትሯል። «አጎቴ፣ ዳታ ካለ እኮ አይመጣም» አለኝ ቆጣ ብሎ። የማይመጣው ዳይኖሰሩ ነው።

ዳይኖሰሩን ታውቁታላችሁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክሮም ላይ ብቅ የሚለው ግራጫ ፍጥረት። እኔ እሱን ሳይ የሚመጣብኝ ንዴት ብቻ ነበር። ፎርም እየሞላሁ፣ ፋይል እየላክሁ፣ ድንገት እሱ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ይኼ ልጅ ግን ያንኑ ገጽ ለምኖ፣ ዳታ አስጠፍቶ ያስመጣዋል። በጣቱ ሲነካው ዳይኖሰሩ መሮጥ ይጀምራል። ቁልቋል ይዘላል። ነጥቡ ከፍ ሲል የሚበር አውሬ ይመጣበታል፣ ሜዳው ይጨልማል፣ ደግሞ ይነጋል። «ማን አሳየህ?» አልኩት። «ማንም። ኔትወርክ ሲጠፋ ተናድጄ ስነካካው ዘለለ።»

ይቺ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም። ተናድጄ ስነካካው ዘለለ። ጨዋታውን ያገኘው ፈልጎ አይደለም። የፈለገው ነገር እምቢ ሲለው ነው ያገኘው።

ዳይኖሰሩ የተሠራው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሠሪዎቹ ሲናገሩ በየወሩ 270 ሚሊዮን ጊዜ ያህል እንደሚጫወቱት ገለጹ። ብዙው ሰው የሚጫወተው ደግሞ ኢንተርኔት በሚቆራረጥባቸው ወይም ዳታ በሚወደድባቸው አገሮች ነው አሉ። ሕንድን፣ ብራዚልን፣ ሜክሲኮን፣ ኢንዶኔዥያን ጠቀሱ። እኛን አልጠሩንም እንጂ ራሳችንን እናውቃለን። ጨዋታው መጨረሻ አለው ወይ ሲባሉም፣ 17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢጫወቱት ያልቃል፣ ያ ዳይኖሰር ምድር ላይ የኖረውን ያህል ነው ብለው ቀለዱ። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «እሺ» ብሎ ቀጠለ። ለእሱ ችግሩ ሦስተኛው ቁልቋል ነው።

እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ጠባሴ አካባቢ የነበረ አንድ ጌም ቤት ትዝ አለኝ።

ተሸናፊ ከፋይ

የዚያን ዘመን ጌም ቤት ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ቶሎ ልለፈው። የቆርቆሮ በር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጭራቸው በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲኮች። የአንድ ጌም ዋጋ የአንድ ዳቦ ዋጋ ነበር። ዳቦ እንዲገዛ ተልኮ ጌም ቤት የገባ ልጅ ታሪክ በየሰፈሩ ስላለ የእኛን አልጨምርበትም።

ስለ ሕጉ ግን ትንሽ ልበል። ሕጉ «ተሸናፊ ከፋይ» ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ከፍሎ ይነሳል። አሸናፊ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። ወረፋው ረጅም ነው። እጁ በብርድ የደነዘዘ ሁሉ ኋላ ቆሞ ተራውን ይቆጥራል። ስለዚህ ፊሽካው ሲነፋ ተሸናፊው እጅ ላይ ያለው ጆይስቲክ በሴኮንድ ውስጥ ይነጠቃል። ከዚያ ሳቁ ይከተላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል? ጌም ቤት ውስጥ የወደቀ ሰው ደግሞ ምሳሩ የሚመጣበት ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ከሆነ ልጅ ጭምር ነው።

ይህ ሕግ አንድ ነገር አስተማረን። ከሽንፈት በኋላ የሚመጣ ስክሪን የማንም አይደለም። አይታይም፣ አይነበብም። ጆይስቲኩ ላይ ያለው «ኤክስ» የሚባለው ቁልፍ ተጭኖ ይታለፋል። እኛ ብቻችንንም ስንጫወት፣ ማንም ወረፋ ሳይጠብቅ፣ ጣታችን ራሱ ኤክስን ይጫን ነበር። አውራ ጣት ያን ያህል ይሠለጥናል ብዬ አላስብም ነበር።

ወንዙ

ቀን ቀን የሚከፈተው ኳስ ነው። ማታ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ግን ባለቤቱ ለራሱ የሚጫወታቸው ዲስኮች ነበሩት። እኛ የሰፈር ልጆች ጥግ ላይ ተኮራምተን እንድናይ ይፈቅድልናል። በር እንድንዘጋና ወንበር እንድንሰበስብ እንጂ ከፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ከነዚያ ዲስኮች አንዱ ሜታል ጊር ሶሊድ 3 ነበር። የጃፓኑ ኮናሚ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሂዲዮ ኮጂማ የሠራው። እኛ «ስኔክ» ነበር የምንለው፣ በዋናው ሰውዬ ስም። ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚገባ ሰላይ ነው። ጨዋታው በሬዲዮ ብዙ ያወራል። ባለቤቱ ወሬውን ሁሉ ይዘለዋል። እንግሊዝኛው ለኛም ለሱም ይከብዳል፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። መብራት የሚጠፋበት ሰው ወሬ አያዳምጥም።

ባለቤቱ ተኳሽ ነበር። ጨዋታው ተደብቀህ እለፍ ሲለው እሱ ሁሉንም ገድሎ ነው የሚያልፈው። አንድ ማታ ታሪኩ ወንዝ ላይ አደረሰን። ጨለማ ነው፣ ጭጋግ አለ፣ ውኃው ወገብ ይደርሳል። ፊት ለፊት አንድ የሞተ ሰው መንፈስ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሶሮው ይሉታል። መሣሪያ አይሠራም። መራመድ ብቻ ነው። ከዚያ ከወዲያ በኩል ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ወታደሮች። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባን፤ ባለቤቱ እስከዚያ ድረስ የገደላቸው ሰዎች ናቸው። አንድ በአንድ። በምን እንደገደላቸው ሰውነታቸው ላይ ይታያል። ጥቂት ለገደለ ሰው ወንዙ ባዶ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው ይባላል። የኛ ሰውዬ ግን ወንዝ የመርካቶ ቅዳሜ ነበር።

ጫፍ ሲደርስ ያ መንፈስ ነካው። ስኔክ ሞተ። ጽሑፉ መጣ። ባለቤቱ ኤክስ ተጫነ። ከወንዙ መጀመሪያ ተነሳ። እንደገና ሄደ፣ እንደገና ሞተ፣ እንደገና ኤክስ። በማግስቱም እንደዚያው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ፍርድ አንድ ነበር፣ ዲስኩ ተጭሯል። ዲስኩ በጥርስ ሳሙና ታሸ። በሸሚዝ ጫፍ ተወለወለ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሹፌር ሌላ ኮፒ እንዲያመጣ ተላከ። መጣ። ሰውዬው በአዲሱም ዲስክ ሞተ።

ከዚያ በአንዱ ማታ እህቱ ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጣች። ከኛ ጥቂት የምትበልጥ ልጅ ናት። ጌም አትወድም፣ ጌም ቤቱንም አትወድም፣ ወንድሟን እራት እንዲበላ ልትጠራው ነው የመጣችው። ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ነበር። ባለቤቱ ጄሪካን የሚያስቀምጥበትን ጓሮ ሊዘጋ ወጣና ጆይስቲኩን እሷ ጭን ላይ ጣለው። «ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ ምንም አትንኪ» አላት። ሄደች። በነዚያ ሙታን መሀል እየተሳቀቀች «ኡፍ፣ ይኼ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» እያለች። ጫፍ ደረሰች፣ ሞተች። ጽሑፉ መጣ።

እኛ ማንም «ኤክስ ተጫኚ» አላላትም። ባለቤቱ ስላልነበረ የማዘዝ ድፍረት አልነበረንም። እሷ ደግሞ እጇ በርዶት ነበር። ጆይስቲኩን በሁለት እጇ እንደ ሻይ ብርጭቆ አቅፋ፣ ጣቶቿን ከሥሩ አስገብታ ትንፋሽዋን ታርከፈክፍበታለች። ያኔ ነው ከኋላ ያለው የግራ ቁልፍ የተጫነው። እንደሞተ፣ ጽሑፉ እላዩ ላይ እንዳለ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ የዕቃ ሳጥን ተከፈተ።

ዝም አልን። ጣቷን ስታነሳ ተዘጋ። መልሳ ተጫነች፣ ተከፈተ።

«እንዴ፣ ሞቶ ዕቃ ይመርጣል?» አለች።

ባለቤቱ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዕቃዎቹ መሀል ክኒን አለ። ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ስኔክ ጋ የነበረ ክኒን ነው፣ ማንም ለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። መረጠችው። ሰውዬው ከውኃው ውስጥ ተነሳ። ቤቱ ውስጥ የተነሳውን ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶች ሌባ የተያዘ መስሏቸው ወጥተው ነበር።

ያ ስክሪን የማን ነው?

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ሁሉም የሚስቀው ዲስኩ በጥርስ ሳሙና መታሸቱ ላይ ነው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው።

ሠሪዎቹ በሩን የደበቁት ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ድንጋይ ሥር አይደለም፣ ዋሻ ውስጥ አይደለም። የሽንፈቱ ጽሑፍ ላይ ነው። በሌላው ጨዋታ ሁሉ ያ ጽሑፍ ከታሪኩ ውጭ ነው፣ ቴአትሩ አልቆ መጋረጃ ሲወርድ ማለት ነው። እነሱ መጋረጃውን ራሱን የመድረኩ አካል አደረጉት። ስለ ክኒኑ በሬዲዮ የሚሰማ ወሬ አለ፣ አስተውሎ የሰማ ሊደርስበት ይችላል። እኛ ግን ወሬውን የዘለልን፣ ሞቱንም የዘለልን ሰዎች ነበርን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኛ ግን የፈሰሰውንም ሳናይ ነው ያለፍነው።

እሷስ? እሷ ጎበዝ ተጫዋች ስለሆነች አይደለም ያገኘችው። ትዕግሥተኛም አይደለችም፣ ወንድሟ እራቱ እንዳይቀዘቅዝበት ነበር ጭንቀቷ። ነገሩ አንድ ብቻ ነው። ጨዋታው እዚያ ላይ እንደሚያልቅ ማንም አልነገራትም።

ያው ጨዋታ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ሌላም አለ። ኦሴሎት የሚባል ወጣት ጠላት አለ። ታሪኩ ከብዙ ዓመት በኋላ በሚካሄዱት በቀደሙት ክፍሎች ውስጥ ይኸው ሰው ትልቅ ሰው ሆኖ አለ። ስለዚህ እዚህ ላይ ከገደልከው ጨዋታው ያበቃል፣ አለቃው በሬዲዮ መጥቶ የወደፊቱን ጊዜ አበላሸኸው ብሎ ይጮህብሃል። ደግሞ አንድ በጣም ያረጀ አነጣጣሪ ተኳሽ አለ። ከሱ ጋር መዋጋቱ ሰልችቶህ፣ ሴቭ አድርገህ፣ ጨዋታውን ትተህ ከሳምንት በኋላ ብትመለስ ሰውዬው በእርጅና ሞቶ ታገኘዋለህ። እነዚህን ያሰበ ሰው ስለ ጎበዝ ተጫዋች ብቻ እያሰበ አልነበረም። ስለ ቸኳዩም፣ ተስፋ ቆርጦ ስለሚሄደውም አስቧል።

በዚያው ሰሞን፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ የወጣው ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ የሚባል ጨዋታ ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበረው። ጨዋታው በሙሉ ልዑሉ ያሳለፈውን ለሌላ ሰው እየተረከ ነው። ገደል ውስጥ ወድቀህ ስትሞት ተራኪው ራሱን ያርማል። አይ፣ እንዲህ አልነበረም፣ ወደ ኋላ ልመለስ ይላል። በአንድ ምት የሞትህ ውርደት የተረት ስህተት ሆነ። አንድም ጊዜ ሳይወድቅ የጨረሰ ሰው ይህን ድምፅ አይሰማውም። ያሳዝነኛል እንዲህ ያለ ሰው።

እዚህ ላይ ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ። ለምን ድሮ እንዲህ አልነበረም? መልሱ ሳንቲም ይመስለኛል። በውጭ አገር የድሮ የጌም አዳራሾች ውስጥ ማሽኑ የሚተዳደረው በሞትህ ነው። ስትሞት ከአሥር ወደ ታች ይቆጥራል፣ ሳንቲም ከጨመርክ ትቀጥላለህ፣ ካልጨመርክ ሌላው ይመጣል። ሟችን ማጫወት ለማሽኑ ኪሳራ ነው። ጨዋታው ቤት ሲገባ ግን ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል። ሟች ቢቀመጥ የሚቸኩልበት የለም። ያኔ ሠሪዎቹ ከሞት ጋር መቀለድ ቻሉ።

የኛ ጌም ቤት ታዲያ ነገሩን ገልብጦ መለሰው። ለቤት የተሠራውን ጨዋታ አምጥቶ በር ላይ ወረፋ አቆመበት። ሠሪው ጃፓን ሆኖ ለተሸናፊ ያስቀመጠው ነገር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ተሸናፊው ተነስቶ ሄዷል። በዚህ ባለቤቱን አልወቅሰውም። እሱም ኪራይ አለበት።

ዘንዶው ሆድ ውስጥ

ስለ ድብቅ ነገሮች ሲወራ ሁሌ የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ። በ1980 እ.ኤ.አ. አታሪ 2600 ለሚባለው የቤት መጫወቻ ማሽን የወጣው አድቬንቸር የሚባል ጨዋታ። ዋረን ሮቢኔት የሚባል ሰው ብቻውን በ4 ኪሎባይት ውስጥ ሠራው። ድርጅቱ የሠሪዎችን ስም ስለማያወጣ እሱ ስሙን በድብቅ ክፍል ውስጥ ጻፈ። ክፍሉ የሚገኘው ከጀርባው ቀለም የማትለይ አንዲት ነጥብ ተሸክመህ ስትሄድ ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ሠራተኛ አለቃውን የሸወደበት ታሪክ ሁሌ ጥሩ ነው።

እኔ ግን ከዚያው ጨዋታ የምወደው ሌላውን ነው። ዘንዶ ይውጥሃል። ስትዋጥ ጨዋታው ወዲያው አያልቅም። አንተ ያለህበት ትንሽ ካሬ ዘንዶው ሆድ ውስጥ ትታያለች፣ መውጣት አትችልም። ብዙው ሰው እዚህ ላይ እንደገና ይጀምራል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን አንዳንዴ የሌሊት ወፏ ትመጣለታለች። ይቺ ወፍ በጨዋታው ውስጥ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ አንስታ የምትበር ሌባ ናት። ዘንዶውንም ታነሳዋለች። አንተ ሆዱ ውስጥ እንዳለህ ይዛህ ትበራለች። ቤተ መንግሥቱን፣ መንገዱን፣ ያላየሃቸውን ክፍሎች ሁሉ ሞተህ ትጎበኛለህ።

ይህን ማንም እንደ ስጦታ ያስቀመጠው አይመስለኝም። ወፏ ዕቃ ታነሳለች፣ ዘንዶው ዕቃ ነው፣ አንተ ዘንዶው ውስጥ ነህ። ሕጎቹ እርስ በርስ ሲገናኙ የወለዱት ነገር ነው። ለዚህም ነው ከስሙ ታሪክ ይበልጥ የሚገርመኝ። ስሙን ሮቢኔት ደበቀው። የወፏን ጉዞ ግን የደበቀው የኛ ችኮላ ብቻ ነው።

ሁሉም ደግሞ ደግ ስጦታ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ቶቢ ፎክስ የሠራው አንደርቴል የሚባል ጨዋታ መጀመሪያው ላይ እንደ እናት የምትንከባከብህ አንዲት ፍጥረት አለች። መንገድ ልትዘጋብህ ስትል ትዋጋታለህ። ሳታስበው ትገድላታለህ። ታዝናለህ፣ ጨዋታውን ዘግተህ ካለፈው ሴቭ ትጀምራለህ፣ በዚህኛው ታተርፋታለህ። ንጹሕ ነኝ ብለህ ወደሚቀጥለው ክፍል ስትገባ አንዲት አበባ ትጠብቅሃለች። ያደረግኸውን አውቃለሁ ትልሃለች። ገድለሃት ነበር፣ ስለጸጸተህ ተመለስክ። ይህንን ሳይ ብቻዬን ነበርኩ፣ ሆኖም ዞር ብዬ በሩን አየሁ። የሽንፈትን ስክሪን እንደ ማጥፊያ ላጲስ ለለመደ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ፈተና ጌም አይደለም

ይህን ጽሑፍ እንደጀመርኩ ለአንድ መምህር ጓደኛዬ አወራሁት። እንደ መምህር ወዲያው ወደ ትምህርት ወሰደው። ተማሪዎቻችንም እንዲህ ቢያስቡ፣ ውድቀት ውስጥ ዕድል አለ፣ ምናምን። አቋረጥኩት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ የወጣ ቀን የሰፈራችን ልጆች ስልካቸውን ይዘው በየበሩ ቆመው ነበር። ለእነሱ ማን ሄዶ «ታገሱ፣ ከዚህ ስክሪን ጀርባ ነገር አለ» ይላቸዋል? ጥፊ ነው የሚያተርፈው።

በኋላ ሬሜዲያል የሚባለው ማካካሻ ትምህርት መጣ። ከሰፈራችን በዚያ በኩል ገብታ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያለች ልጅ አለች። ደስ ይለኛል። ሆኖም ይህ ከጌሙ ጋር አንድ አይደለም። በጌሙ ውስጥ ክኒኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኪስህ ውስጥ አለ። ተሸናፊ እንደሚኖር ያወቀ ሰው አስቀድሞ አስቦበታል። ልጆቹ ግን ወንዙ ዳር ደርሰው፣ ሞተው፣ ከዚያ ነው ክኒን ይፈለግ የተባለው።

ጓደኛዬ ትንሽ አሰበና «እና ጌሙ ከእኛ የተሻለ አስቧል ነው የምትለኝ?» አለ። በዚህ ጉዳይ አዎ። ርካሽ ስለሆነለት ነው። መውደቅ ርካሽ ከሆነ ሰው ወድቆ ዙሪያውን ያያል። ውድ ከሆነ ግን የሚያየው የሚነሳበትን ብቻ ነው። ደግሞ ማን ይፈርድበታል?

ደብረ ሲና

ባለፈው ጊዜ ለሥራ ወደ ታች ስወርድ ያንን የጌም ቤት ባለቤት ፈለግሁት። አሁን ደብረ ሲና የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ጣርማ በርን በጭጋግ አልፈን፣ ዋሻውን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ከቁልቁለቱ በኋላ ሙቀቱ ሲቀበለን ጃኬቴን አወለቅሁ። እሱ ያው ነው፣ ጸጉሩ ብቻ ሸሽቷል። ቡና አስፈላልኝ። ወንዙን አነሳሁበት።

«እንዴት እረሳዋለሁ! ክኒኑን ያገኘሁት ሌሊት!» አለ።

«ያገኘኸው?»

«ታዲያ ማን አገኘው?»

ተከራከርን። ጄሪካን ያለበትን ጓሮ ልትዘጋ ወጥተህ ነበር አልኩት። ጄሪካን የሚባል ነገር አልነበረም አለ። በመጨረሻ ስልኩን አንስቶ ለእህቱ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አዳማ ናት አሁን፣ የሦስት ልጆች እናት። ስትሰማን ቆየችና «የምን ክኒን?» አለች። ወንዙን ነገርናት። ሙታኑን ነገርናት። አንዱንም አታስታውስም። የምታስታውሰው ቤቱ የጫማ ሽታ እንደነበረው ብቻ ነው። ከዚያ ልጆቿ እየተጣሉ እንደሆነ ነግራን ዘጋችው።

ባለቤቱ አሸናፊ መስሎ አየኝ። እኔ ግን እንደዚያ አልተሰማኝም። ለእሷ ያ ሌሊት የሽንፈት ሌሊት ስላልነበረ የድልም አልሆነም። አንድ ክኒን መርጣ፣ ወንድሟን ወደ እራት ይዛ ሄደች። ማስታወስ የቀረው ለተሸነፍነው ነው።

ወጥቼ ስሄድ አንድ የሱቁ ልጅ ስልክ ላይ ዩቲዩብ ያያል። አንድ ሰውዬ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የአንድ ጌም ድብቅ ነገሮችን ሁሉ ይዘረዝራል። የትኛው ቦታ ብትሞት ምን እንደሚመጣ፣ የቱን ብትጭን የቱ እንደሚከፈት። ልጁ ጨዋታውን አልተጫወተውም፣ መጫወቻ ማሽኑም የለውም። ግን የሽንፈቱን ሁሉ መልስ ያውቀዋል። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ለማለት ይከብደኛል። እኛ ያንን ቪዲዮ ያኔ ብናገኘው ኖሮ የጥርስ ሳሙናው ይተርፍ ነበር። ሌላውም ይቀር ነበር።

እኔ ለራሴ አንድ ጨዋታ አስቀርቻለሁ። ኒር ኦቶማታ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው። ከኤ እስከ ዜድ 26 ፍጻሜዎች አሉት። ብዙዎቹ እንደ ወግ የሚደረስባቸው ሳይሆኑ የሚወደቅባቸው ናቸው። ሮቦቷ ውስጥ ያለውን ዋና ቺፕ ካወጣህ እዚያው ትጠፋለህ፣ የመዝጊያ ጽሑፉም ይሮጣል። አንድ ዓሣ አለ፣ መብላት የለብህም ተብለህ ከበላኸው ትሞታለህ፣ እሱም ራሱን የቻለ ፍጻሜ ነው። ግዳጅህን ጥለህ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ብትሄድም ጨዋታው አይቆጣህም፣ ፊደል ሰጥቶ ይመዘግብልሃል።

ዓሣውን በልቻለሁ። ቺፑንም አውጥቻለሁ። ገና ብዙ ፊደል ይቀረኛል፣ በየቀኑም ጥቂት ጥቂት እየተሳሳትኩ ነው። የቀሩትን የምታውቁ ካላችሁ አደራ፣ እንዳትነግሩኝ።